ከሜዳሊያው በፊት የሚጻፈው ወረቀት

የእሳትና አደጋ መከላከል ባልደረቦች፣ የአምቡላንስ ሠራተኞች፣ በጎ ፈቃደኞች፣

ስለ ጀግንነት እንድናገር አልጋበዛችሁኝም፤ ደግ አደረጋችሁ። ስለ ጀግንነት የሚናገር ሞልቷል። የተጋበዝኩት ስለ ወረቀት ሥራ ላወራ ነው። ከጎርፍ፣ ከእሳት፣ ከናዳ ሰው ያወጣ፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ጫካ ያሰሰ ሰው ለሽልማት የሚጠቆመው እንዴት ነው? ጥቆማውን ማን ይጽፋል? ምን ብሎ ይጽፋል? ርዕሱ ደረቅ ይመስላል። ለተለያዩ ሽልማቶች የቀረቡ ጥቆማዎችን የማንበብ ዕድል ስለገጠመኝ ግን አንድ ነገር ላረጋግጥላችሁ እችላለሁ፦ ብዙ ደፋር ሰዎች የሚወድቁት ወንዝ ውስጥ አይደለም፤ ወረቀት ላይ ነው።

በዓለም ላይ ስም ያላቸው የነፍስ አድን ሽልማቶችን የሚያመሳስላቸው ነገር ዳኞቹ ድርጊቱን አለማየታቸው ነው። ጎርፉ ሲያጓራ አልሰሙም፤ ጭሱ አላፈናቸውም። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ የሚያነቡት እናንተ የጻፋችሁትን ገጽ ነው። ስለዚህ ሜዳሊያ የሚሄደው ደፋር ለሆነ ሁሉ አይደለም። ደፋር ሆኖ፣ ያየው ሰው ኖሮ፣ ያየውም ሰው ቁጭ ብሎ ለጻፈለት ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ አይርቅም።

ግሬስ ዳርሊንግን ላንሳ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1838 እ.ኤ.አ. ሊነጋጋ ሲል፣ ከእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ባሻገር ባሉት የፋርን ደሴቶች፣ «ፎርፋርሻየር» የተባለች የእንፋሎት መርከብ ከቋጥኝ ተላትማ ተሰበረች። ከሃል ወደ ደንዲ እየተጓዘች ነበር። የሎንግስቶን የባሕር መብራት ጠባቂ ልጅ፣ የ22 ዓመቷ ግሬስ፣ ስብርባሪውን ከመስኮቷ ሆና አየች። ከአባቷ ከዊልያም ጋር በቀዘፋ ጀልባ ወጡ። አባትየው ቋጥኙ ላይ ሲዘል እሷ ጀልባዋን ብቻዋን ይዛ ከማዕበሉ ጋር ታገለች። መጀመሪያ አምስት ሰው ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያ አባትየው ከተረፉት መርከበኞች ሁለቱን ይዞ ተመልሶ ቀሪዎቹን አራት አመጣ።

ከዚያ ጋዜጦች ደረሱ። ሠዓሊዎች እስከ መብራቱ ማማ ድረስ እየሄዱ ሣሏት። የማያውቋት ሰዎች የፀጉሯን ዘለላ እንድትልክላቸው ይጽፉላት ጀመር። ንግሥት ቪክቶሪያ 50 ፓውንድ ላከችላት። በ1824 የተቋቋመውና ዛሬ አር.ኤን.ኤል.አይ. በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የብሪታንያ የነፍስ አድን ጀልባዎች ማኅበር ለእሷም ለአባቷም የብር ሜዳሊያ ሰጠ። ግሬስ በ1842 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት 26 ዓመቷ ነበር።

አሁን ስለ ሌላዋ ጀልባ ልንገራችሁ። በዚያው ጠዋት ከየብሱ፣ ከኖርዝ ሰንደርላንድ ሰባት ሰዎች ቀዝፈው ወጥተዋል። አንዱ የግሬስ ወንድም ነው። የቀዘፉት መንገድ ከእህቱና ከአባቱ መንገድ በብዙ ይረዝማል። ሲደርሱ ግን በሕይወት ያለ ሰው አልጠበቃቸውም፤ ያገኙት አስከሬን ነበር። ባሕሩ ወደ ቤታቸው አላስመልስ ብሏቸው እዚያው መብራቱ ማማ ሄደው ተጠለሉ። እነዚህን ሰባት ሰዎች ዛሬ ማን ያውቃቸዋል?

ግሬስ ሜዳሊያው አይገባትም ማለቴ አይደለም። በሚገባ ይገባታል። ነገር ግን ወጣት ሴት፣ ብቸኛ ማማ፣ የሚያገሳ ማዕበል ለጋዜጣ የተመቸ ነው። ሰባት ጎልማሳ ዓሣ አጥማጆች ሞትን ተጋፍጠው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ለማንም አይመችም። የጥቆማ ጸሐፊና የጋዜጠኛ መንገድ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ጋዜጠኛው የሚነበበውን ታሪክ ይፈልጋል፤ ጠቋሚው የተደረገውን ነገር ይመዘግባል።

እስቲ አንድ ጥቆማ ላንብብላችሁ። ከአንድ ሰው የወሰድኩት አይደለም፤ ከብዙዎች የተጨመቀ ነው። «እጩአችን ለወገናቸው ካላቸው ጥልቅ ፍቅር የተነሳ ሕይወታቸውን ሳይሰስቱ፣ በሚያስደንቅ ጀግንነትና ወደር በሌለው ቁርጠኝነት፣ ለትውልድ አርአያ የሚሆን ከፍተኛ መሥዋዕትነት ከፍለዋል።»

ሲያነቡት ደስ ይላል። ውስጡ ግን ውሃ የለም። ሰዓት የለም። ገመድ የለም። የዳነው ሰው ስንት እንደሆነ፣ ማን አብሮ እንደነበረ አይታወቅም። ይህን ዓረፍተ ነገር የባንክ ሥራ አስኪያጅ በጡረታ ሲሸኝ ብታነቡት ማንም ቅር አይለውም። ዳኛው ይህን ዓይነት ጥቆማ አምስት ስድስት ጊዜ ካነበበ በኋላ ቃላቱ ሁሉ ጆሮው ላይ አንድ ይሆኑበታል፤ እውነተኛው ደፋርም ከአስመሳዩ ጋር አብሮ ይወድቃል።

አሁን ደግሞ ከምናቤ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ክረምት ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። አንድ ሚኒባስ ድልድዩን ያጥለቀለቀ ወንዝ ሊሻገር ሲል ውሃው ገፍቶ ከቋጥኝ ጋር አጣብቆታል። ጥቆማው እንዲህ ቢልስ፦ «ውሃው የሚኒባሱ መስኮት ድረስ ደርሷል። እጩው መጀመሪያ ወደ ውሃው አልገባም። መንገድ ላይ የቆመውን የአይሱዙ ሹፌር መኪናውን አዙሮ መብራቱን ወንዙ ላይ እንዲያበራ ለመነው። የጭነት ማሰሪያውን ገመድ ከመኪናው ጋር አስሮ ሌላውን ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረ። ታናሽ ወንድሙ አብሬህ ልግባ ሲለው ከለከለውና ገመዱን እንዲይዝ አዘዘው። ሦስት ሰው አወጣ። ለአራተኛ ጊዜ ሊገባ ሲል ገመዱ ከድንጋይ ጋር ተፋትጎ መሳሳቱን አይቶ ቆመ፤ ሌላ ገመድ እስኪመጣ ጠበቀ። ሚኒባሱ ውስጥ የቀረችው ሴት ይህን ጊዜ ሁሉ ትጮህ ነበር። ገመድ ሲመጣ ገብቶ አወጣት።»

ጀግና የሚል ቃል የለበትም። ቁርጠኝነትም፣ አርአያነትም አልተጠቀሱም። ሰውየው ግን ፊታችሁ ቆሟል። እዚህ ውስጥ ለዳኛ ትልቁን ክብደት የሚይዘው የትኛው ይመስላችኋል? ለእኔ ጥበቃው ነው። አንድ ሰው እየጮኸ ገመድ መጠበቅ ከመዋኘት የሚከብድ ነገር ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል ያወጡታል፤ «ፈራ» የሚያሰኝበት ይመስላቸዋል። ከእናንተ መካከል በሙያው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የነፍስ አድን ሥራ የመጀመሪያ ትምህርት ሁለተኛ ተጎጂ አለመሆን ነው። ያላሰበ ሰው መጥለቅና ያሰበ ሰው መግባት ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን ማሳየት የሚችለው ቅርብ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥቆማ ስትጽፉ ሰውየው በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበር ጻፉ። በኋላ የታወቀውን አይደለም፤ በዚያች ሰዓት የሚያውቀውን። ሌላ ምን ምርጫ እንደነበረውም ጻፉ፤ ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው ድርጊትና እያለው ይህን የመረጠ ሰው ድርጊት እኩል አይመዘንም። ከየት እንዳወቃችሁት ደግሞ አትደብቁ። በዓይናችሁ ካያችሁት «አየሁ» በሉ፤ ከገመድ ያዡ ከሰማችሁት «ገመድ ያዡ ነገረኝ» በሉ። ሁሉን እንዳየ ሰው የሚጽፍ ጠቋሚ አንዲት ስህተት ሲገኝበት ጠቅላላ ጥቆማው ይፈርሳል።

ወደ ባሕር ልመለስ፤ የባሕር ሰዎች በዚህ ነገር ረጅም ልምድ አላቸው። ዲሴምበር 19 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ምሽት፣ ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ «ዩኒየን ስታር» የምትባል የጭነት መርከብ ሞተሯ ቆሞባት ወደ ገደላማው ጠረፍ ትገፋ ነበር። የመጀመሪያ ጉዞዋ ነው። ውስጧ ስምንት ሰው አለ፤ የካፒቴኑ ሚስትና ሁለት የእንጀራ ልጆቹ ጭምር። ነፋሱ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል፤ ሞገዱ ከ15 ሜትር በላይ ይነሳል። ማውዝል ከምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር «ሰለሞን ብራውን» የምትባል የእንጨት ነፍስ አድን ጀልባ ስምንት በጎ ፈቃደኞች ይዛ ወጣች። መሪዋ ትሬቨልያን ሪቻርድስ ነው።

ጀልባዋ ከመውጣቷ በፊት የሆነውን ልብ በሉ። አንድ ወጣት ከአባቱ ጋር ለመሄድ ሮጦ ደርሷል። ሪቻርድስ አባትየውን ወሰደ፤ ልጁን አስቀረው። በዚያች ሌሊት ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አልወስድም ብሎ ነው። ወደ ምን እየሄደ እንደሆነ በሚገባ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በሬዲዮ ከተሰሙት የመጨረሻ መልእክቶች አንዱ አራት ሰው መያዛቸውን የሚናገር ነው። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። የመርከቧም የጀልባዋም ሰዎች በሙሉ፣ አሥራ ስድስት ነፍስ አለቀ። ሪቻርድስ ከሞተ በኋላ የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጠው፤ ሰባቱ ባልደረቦቹ እያንዳንዳቸው የነሐስ ሜዳሊያ።

ሁሉም ከሞቱ ያንን ሌሊት ለዳኞች የነገረ ማነው? ከላይ ሄሊኮፕተር ነበር። አብራሪው ራስል ስሚዝ ይባላል፤ በልውውጥ ከእንግሊዞች ጋር የሚሠራ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን። ሰዎቹን በገመድ ሊስብ ሞክሮ የመርከቧ ምሰሶ ስለተወዛወዘ አልተቻለውም። ጀልባዋ ደጋግማ ወደ መርከቧ ስትጠጋ፣ ሞገዱ አንስቶ የመርከቧ ወለል ላይ ሲጥላት፣ ተንሸራትታ ወርዳ እንደገና ስትጠጋ ያየው እሱ ነው። በኋላም የጀልባዋን ሰዎች ድፍረት በሕይወቱ ካየው ሁሉ በላይ እንደሆነ መሰከረ። ይህ ምስክርነት ክብደት ያገኘው ለምን ይመስላችኋል? የራሱን ሥራ አላሞገሰም። የእነሱ ዘመድም፣ ያገራቸው ሰውም አይደለም። ባሕርንና ማዕበልን የሚያውቅ ባለሙያ ነው፤ በዚያ ላይ እሱ ያልቻለውን እነሱ ሲሞክሩ ያየ። ጥቆማችሁ ላይ ምስክር ስትፈልጉ የወረዳውን ባለሥልጣን ፊርማ ለማግኘት ሳምንት ከመሰለፍ፣ እዚያ ቆሞ ያየውን የአይሱዙ ሹፌር ግማሽ ገጽ ማስጻፍ ይሻላል። ማኅተም ያለው ደብዳቤ እንደምንወድ አውቃለሁ። ማኅተሙ ግን ወንዙን አላየም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ማዳን ነው። ፍለጋውስ? ፍለጋና ነፍስ አድን አንድ ላይ ይጠሩ እንጂ ሜዳሊያው ሁልጊዜ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ያወጣው ይታያል፤ ያገኘው ይረሳል። ህንዳዊቷ የመርከብ አዛዥ ራድሂካ ሜነን በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በባሕር ላይ ለታየ ልዩ ጀግንነት የሚሰጠውን ሽልማት ስትቀበል ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ከአንድ ዓመት በፊት በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ፣ ሞተሯ ተበላሽቶ መልሕቋ ጠፍቶ የምትንሳፈፍ የዓሣ ጀልባ ነበረች። ውስጧ የነበሩት ሰባት ሰዎች ምግብና ውሃቸው ተጠርጎ የዓሣ ማቆያውን በረዶ እየላሱ ቆይተዋል። ቤተሰቦቻቸው ሞተዋል ብለው ሥርዓተ ቀብር ማዘጋጀት ጀምረዋል። ሜነን ትልቋን መርከብ በዚያ ማዕበል ውስጥ አስጠግታ በሦስተኛው ሙከራ ሁሉንም አወጣች። ትልቅ ሥራ ነው። ያችን ጀልባ ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት፣ በዝናብና በሞገድ መካከል አሻግሮ ያየው ግን የመርከቧ ሁለተኛ መኮንን ነው። እሱ ያን ጊዜ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ዝቅ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ሽልማትም፣ ሰባት ሰውም የለም።

በኒውዚላንድ ይህን አስበውበታል። የፍለጋ ክልላቸው 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደቡብ ዋልታ ተነስቶ ወደ ምድር ወገብ ይጠጋል። ይህን የሚሸፍኑት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የአገሪቱ የፍለጋና ነፍስ አድን ሽልማት ሁለት ዘርፍ አለው፤ አንዱ በተግባር ለተሰማሩት፣ ሌላው ለድጋፍ ሥራ። ሬዲዮ ለሚይዘው፣ ለሚያሠለጥነው፣ ካርታ ለሚሠራው፣ ለዓመታት ሌሊት ስልክ ለሚያነሳው ማለት ነው። እዚህ አገር እንዲህ ዓይነት ሽልማት ለማቋቋም የምታስቡ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ይህን ቅዱ። አለበለዚያ ሽልማታችሁ ዋናተኛ ብቻ ይሰበስባል።

የታይላንዱን የታም ሉዋንግ ዋሻ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. 12 ልጆችና አሠልጣኛቸው ጎርፍ ዘግቶባቸው የወጡበትን። ጠላቂዎቹ በየአገራቸው ተሸለሙ። በዘመቻው መካከል የሞተውን ጠላቂ ሳማን ኩናንን አገሩ በክብር ታስበዋለች። ከዋሻው ውሃ ቀንና ሌሊት ሲመጠጥ የተለቀቀው ግን ገበሬዎች ማሳ ላይ ነው። የተተከለ ሩዝ ተበላሸ። መንግሥት ካሳ ሲያቀርብ አንዳንዶቹ አንፈልግም አሉ። የዚህ ገበሬ ጥቆማ በየትኛው ሣጥን ውስጥ ይገባል? ቅጹ ቦታ ከሌለው ቅጹን አስተካክሉ እንጂ ገበሬውን አትጣሉ።

ስለ ደንብ ትንሽ ልበል፤ አሰልቺ ስለሆነ ቶሎ አልፈዋለሁ። የአሜሪካው የካርኒጊ የጀግኖች ፈንድ የተመሠረተው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ በፔንሲልቬንያ የሃርዊክ ከሰል ማውጫ ፈንድቶ 179 ማዕድን ቆፋሪዎች አለቁ፤ ሊያድኗቸው የገቡ ሁለት ሰዎችም፣ መሐንዲሱ ሴልዊን ቴይለርና ማዕድን ቆፋሪው ዳንኤል ላይል፣ ሞቱ። ባለጸጋው አንድሩ ካርኒጊ በዚህ ተነክቶ 5 ሚሊዮን ዶላር መደበ። እስካሁን ከ10 ሺህ በላይ ሜዳሊያ ተሰጥቷል። ደንቡ ጥርት ያለ ነው። ድርጊቱ በአሜሪካ ወይም በካናዳ የተፈጸመ መሆን አለበት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ መጠቆም አለበት፤ ሥራው ግዴታው የሆነ ሰው ከግዴታው አልፎ ካልሄደ አይታይም፤ የቅርብ ዘመዱን ያዳነም ከባድ ጉዳት ካልደረሰበት ወይም ካልሞተ አይቆጠርም። ማዳን ብቻ ሳይሆን ለማዳን መሞከርም ይቆጠራል፤ እነዚያ የኖርዝ ሰንደርላንድ ሰባት ሰዎች ይህ ደንብ አምልጧቸዋል። ማንም ሰው መጠቆም ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ዘመድ ያላችሁ ይህን ብትነግሯቸው አይከፋም።

የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አሠራር ሌላ ነው። ግለሰብ አይጠቁምም፤ አባል አገሮችና የታወቁ ድርጅቶች ናቸው የሚጠቁሙት። ጥቆማው በሁለት ደረጃ ይመረመራል፤ የሚታየውም ያለፈው አንድ ዓመት ድርጊት ነው። ይህ እኛን ምን አገባን እንዳትሉ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም የዚህ ድርጅት አባል ናት። ባሕር ዳር ላይ የሠለጠኑ ልጆቻችን ዛሬ በየውቅያኖሱ መርከብ ላይ ይሠራሉ። ከእነሱ አንዱ ነገ ሰው ከባሕር ቢያወጣ ጥቆማውን የሚልከው መንግሥት ነው፤ መንግሥት የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ጽፎ ሲያሳውቀው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ችግር ልግባ። እኛ ዘንድ ጥቆማን የሚገድለው ደንብ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ጎረቤቱን ከእሳት ያወጣውን ሰው «ልጠቁምህ» ብትሉት ፊቱን ያዞራል። «ለእግዚአብሔር ብዬ ነው»፣ «ለአላህ ነው»፣ «ማን አያደርገውም ብለህ ነው» ይላል። በስውር የተሠራ በጎ ሥራ ዋጋው ሰማይ ላይ ነው የሚል እምነት ከሁላችንም ውስጥ አለ፤ እኔም አከብረዋለሁ። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፤ ለሽልማት ብላችሁ አትጠይቁት። «የሆነውን ንገረኝ፣ ልጻፈው» በሉት። ሰው ስለራሱ ጀግንነት መናገር ያፍራል እንጂ ስለ ጎርፉ መናገር አያፍርም። ታሪኩን ከጨረሰ በኋላ ፈቃዱን ጠይቁት። እምቢ ካለ እምቢ ነው። በግድ የተሸለመ ሰው ከመድረክ ሲወርድ ሲያዩት ያሳዝናል።

ይሉኝታው በሌላ በኩልም ይመጣል። አንድ ቡድን አብሮ ወጥቶ አንዱ ብቻ ሲጠቆም ቀሪዎቹ አፋቸው ዝም ይላል፤ ሆዳቸው ግን አይረሳም። የበጎ ሰው ሽልማት በየዓመቱ ከሕዝብ ጥቆማ ሲሰበስብ እንደምናየው የእኛ ሰው አንድ ስም መጥራት ይቀናዋል። የነፍስ አድን ሥራ ግን በአንድ ሰው የሚሠራ ሥራ አይደለም። ቡድኑን ጠቁሙ፤ አንዱ በእርግጥ ከሌላው ተለይቶ ከሄደ በምን እንደተለየ ጻፉና አብረውት የነበሩትን አስፈርሙ። ባልደረቦቹ ያልፈረሙበት ጥቆማ እኔ እጅ ሲገባ ለምን እንዳልፈረሙ መጠየቄ አይቀርም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ማንሳት ግድ ይለኛል። ናዳ ቤቶችን ቀበረ። የአካባቢው ሰው ጩኸት ሰምቶ ተሰበሰበ፤ በአካፋና በባዶ እጅ ጭቃ መቆፈር ጀመረ። ሰዎች ተሰብስበው በሚቆፍሩበት ሰዓት ሁለተኛው ናዳ መጣና ቆፋሪዎቹን ቀበራቸው። የሟቾቹ ቁጥር ከ250 በላይ እንደሆነ ተነገረ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከሟቾቹ መካከል ሊረዱ የሮጡ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እንደነበሩበት የጎፋ ዞን ኃላፊዎች ተናግረዋል።

በእኔ እይታ እነዚህ ሰዎች የነፍስ አድን ሠራተኞች ነበሩ። ዩኒፎርም አልለበሱም፤ ሥልጠናም ደሞዝም አልነበራቸውም። በአገራችን ገጠር ከማንም ቀድሞ የሚደርሰው ግን ያ ጎረቤት ነው። ዜናው ስለ ሁሉም «ተጎጂዎች» ብሎ በአንድ ቃል ተናግሮ አለፈ። በመጀመሪያው ናዳ ተኝቶ የተቀበረና ሊያወጣው ሮጦ መጥቶ የተቀበረ በአንድ ቁጥር ውስጥ ገቡ። ሐዘኑ አንድ ነው፤ አይነጣጠልም። የምስክርነት ወረቀት ግን ሊለያቸው ይገባል። ማን ከየት ሮጦ ደረሰ? ማን አካፋ ይዞ መጣ? ሁለተኛው ናዳ ሲመጣ ማን የትኛው ቤት ላይ ይቆፍር ነበር? ይህን የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም አሉ። ሰው ከቀየው ሲነሳ ግን ትዝታውም ይበተናል።

እዚህ ላይ የምፈራው ነገር አለ። ስለ ሞተ አዳኝ ስንጽፍ ሞቱን ራሱን የጀግንነት ማስረጃ እናደርገዋለን። ይህ ለሟቹም አይመጥነውም፤ ነገ ጩኸት ሰምቶ ለሚሮጠው ልጅም አደገኛ ትምህርት ነው። የሃርዊኩ መሐንዲስ የሚታሰበው ስለሞተ ሳይሆን ሰው አለ ብሎ ስለገባ ነው። በጎፋ ጥቆማ ቢጻፍም ዋናው ነገር መምጣታቸው ነው። በጥቆማው መጨረሻ ደግሞ ያ ኮረብታ ዳግም ሊንሸራተት እንደሚችል በጊዜው ማን ሊነግራቸው ይችል እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥሩ ጥቆማ ለሚያነበው ባለሥልጣን ሁልጊዜ ምቹ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ አለኝ፤ ወደ የመን ይወስደናል። በ2011 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የናንሰን ሽልማቱን ለናስር ሳሊም አሊ አል ሐማይሪና እሱ ለመሠረተው የሰብአዊ ትብብር ማኅበር ሰጠ። የማኅበሩ ሠራተኞች 2000 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው የየመን የባሕር ዳርቻ ሲሶ ያህሉን ሌት ተቀን ይቃኙ ነበር። የሚፈልጉት ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ በጀልባ የሚመጡትን ነበር። በሕይወት ላገኙት ውሃና ምግብ ይሰጡ፣ ሐኪም ዘንድ ያደርሱ ነበር። ደላሎቹ ከጀልባ የገፈተሯቸውንና ባሕር የተፋቸውን ሰዎች አስከሬን ይሰበስቡ፣ ይቀብሩ ነበር። ከቀበሯቸው መካከል የእኛ ልጆች አሉ። እናቶቻቸው የትኛው አሸዋ ውስጥ እንዳሉ አያውቁም።

የናንሰንን ሽልማት ማንም ሰው ሊጠቁምበት ይችላል። በዚያ የባሕር ዳርቻ ከሞት የተረፉ፣ ዛሬ አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ ጅማ ወይም ሪያድ ያሉ ልጆች ውሃ ማን እንዳጠጣቸው ያውቃሉ። እነሱ የሚጽፉት ግማሽ ገጽ ከማንኛውም ድርጅት ሪፖርት የበለጠ ያሳምናል። ዘመድ ካላችሁ ጠይቁ። አማርኛ ይጽፍ፣ ኦሮምኛ ይጽፍ፣ መጻፍ ካልቻለ በስልክ ይናገርና ቅዱት። ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ያየውን ፊት ግን አሁኑኑ ያዙ።

ብዙዎቹ ጥቆማዎቻችሁ እንደማያልፉ ከወዲሁ እወቁት። ሽልማት ጥቂት ነው፤ ጥቆማ ብዙ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ከመላካችሁ በፊት ሁለት ቅጂ አውጡ። አንዱን መዝገብ ቤታችሁ አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ሠልጣኝ ከማኑዋሉ ይልቅ እሱን ያነባል። ሌላውን ለራሱ ለሰውየው፣ ከሞተም ለቤተሰቡ ስጡ፤ ዳኞቹ ምንም ይበሉ ምን፣ የሆነውን ነገር ያየ ሰው ፈርሞ ጽፎላቸዋል።

ቅጾቹን ይዤ መጥቻለሁ፤ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።